የአርብ ወረቀት

ከደብተር የተገነጠለች ግማሽ ገጽ ናት። ከላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «የረበሹ ተማሪዎች» ይላል። ከሥሩ በልጅ እጅ የተጻፉ ሦስት ስሞች አሉ። እርሳሱ በጣም ከመጫኑ የተነሳ ወረቀቷን ብትገለብጧት ፊደሉ ከጀርባ በጣት ይዳሰሳል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አብራኝ አለች። በየዓመቱ ስም መጥሪያ ሲቀየር ከአሮጌው አውጥቼ አዲሱ ውስጥ አስገባታለሁ። ለምን አልጥላትም እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። 52 ልጆች። አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ ስፖርቱንም የማስተምረው እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከገባሁ ከእነሱ የምለየው ለእረፍት ብቻ ነው። ማን የማንን ላጲስ እንደተዋሰ፣ የማን እርሳስ በስንት ቀን እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ቢያንስ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ከሰኞ እስከ አርብ

የአንድ ክፍል ሳምንት የራሱ ጠባይ አለው። ሰኞ ረጅም ናት። ከሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ በኋላ ጥፍርና ፀጉር ይታያል፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ሁሉ ሰበቡን ይናገራል። የዚያ ዓመት ሰኞ ግን ከድሮው ይለይ ነበር። በከተማው የተማሪዎች ምገባ በስፋት የተጀመረው ያኔ ነው። የምገባ እናቶች ቁርስ አብልተው ሲልኩልኝ፣ በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ ጠፋ። ከዚያ በፊት «ይሄ ሰነፍ» ያልኩት ልጅ ሁሉ ትዝ አለኝ። ስንቱ ርቦት ይሆን የተኛው?

ማክሰኞ የማባዣ ሰንጠረዥ ነው። ረቡዕ ንባብ፣ ሐሙስ የእጅ ጽሑፍ። አርብ ጠዋት ዲክቴሽን እንጽፋለን። ከእረፍት በኋላ ደግሞ እኔ ቢሮ እጠራለሁ። ስብሰባ አለ፣ የሚሞላ ቅጽ አለ፣ የሚመዘገብ ማርክ አለ። ያኔ ክፍሉን የሚይዘው የክፍል አለቃው ነው።

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» ይባላል። እኔ የመረጥኩት በቁመትና በድምፅ ነው። ረዘም ያለ፣ ዩኒፎርሙ ሁልጊዜ የታጠበ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። ፊደል ስናስጠና ዱላዋን ይዞ ገበታው ፊት የሚቆመው እሱ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ሲል 51ዱ ይከተሉታል። ድምፁ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። የጎረቤት ክፍል መምህራን «ጎበዝ አለቃ አለሽ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በመጀመሪያዋ አርብ ከስብሰባ ስመለስ ወረቀቱን ባዶ ነበር የሰጠኝ። ክፍሉ ግን ከሩቅ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። «52 ልጅ ተቀምጦ አንድም አልረበሸም?» አልኩት በልጆቹ ሁሉ ፊት። «ሁለተኛ ባዶ ወረቀት እንዳታመጣልኝ!» ምንም አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው አርብ ሦስት ስም ጽፎ ሰጠኝ። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም።

ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ነበሩ። እዚህ በቀለ፣ ደረጀና ከበደ እላቸዋለሁ። ስማቸው ይሄ አይደለም። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ የፊደላቸውን ዓይነት ግን ጠብቄያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ ይገባችኋል። ሦስቱም ክፍል ይጠርጉ ነበር። ሦስቱም የአርብ ኳስ ይቀርባቸው ነበር። በቀለ «እኔ አልረበሽኩም ቲቸር» ይል ነበር። መጀመሪያ እየጮኸ፣ በኋላ በቀስታ። ኅዳር ላይ መናገሩን ተወው። ጥሪ ሳልጠብቅ መጥረጊያውን ራሱ ያነሳ ጀመር። እኔ ደግሞ «አመነ» ብዬ ደስ አለኝ። እናቱንም አስጠርቼ ነገርኳት።

ሳይመጣ የረበሸው ልጅ

ከገና በፊት የነበረችው አርብ ናት። ልጆቹ ወጥተዋል። አለቃው እንደ ልማዱ ወረቀቱን ሊሰጠኝ ቀርቷል። ተቀበልኩት። መጀመሪያ ላይ በቀለ ይላል።

በቀለ ከረቡዕ ጀምሮ አልመጣም። ጉንፋን ይዞት ነው፤ «ቀሪ» ብዬ ምልክት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ስም መጥሪያው ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ነበር። ወረቀቱን አየሁ፣ ስም መጥሪያውን አየሁ።

«በቀለ ዛሬ መጥቷል?» አልኩት።

ወረቀቱን አየ። «አልመጣም ቲቸር።»

«ታዲያ እንዴት ረበሸ?»

ዝም አለ። ደሜ ፈላ። ውሸታም አልኩት። የሰው ልጅ በሐሰት ታስቀጣለህ አልኩት። ሌላም ሌላም ተናገርኩ። እሱ ጫማውን እያየ ቆሟል። በመጨረሻ «እሺ፣ ዛሬ በእውነት የረበሸው ማን ነው?» አልኩት።

ቀና አለ። ሳያመነታ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ፎዚያ ከዴስክ ዴስክ ትዘል ነበር። ኤልሻዳይ ጠመኔ ሰብሮ ወርውሯል። ቃልኪዳን መስኮት ከፍታ ከሌላ ክፍል ልጅ ጋር ታወራ ነበር። ስድስት ልጅ፣ የእያንዳንዱን ጥፋት ከነተራው። ከበደና ደረጀ ምንም አላደረጉም አለኝ። ከበደ እንዲያውም ሥዕል እየሣለ ነበር።

ልጁ ሁሉን አይቷል ማለት ነው። «ታዲያ ለምን እነሱን አልጻፍክም?» ጓደኞቹን እየደበቀ መሰለኝ። ጠመኔ አንስቼ ሰጠሁት። «ና፣ ሰሌዳው ላይ ጻፍልኝ። ፎዚያ በል።»

ሰሌዳው ፊት ቆመ። ጠመኔዋን አስነካ፣ አነሳ። ከዚያ ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ገበታ አየ። ዓይኑ በግራው ዳር ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደገና ወደ ሰሌዳው ዞረና ቀስ ብሎ ጻፈ።

ፈዘየ።

ወደኋላ ሄድ ብሎ አየው። ልክ እንዳልሆነ አውቋል። በመዳፉ ጠረገው። «ቃልኪዳን» አልኩት፣ ድምፄ ከቅድሙ ቀንሶ። ቀለከደነ ብሎ ጻፈ። እሱንም ጠረገው። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ነጭ የመዳፍ አሻራ ቀረ።

«ቲቸር» አለ ፊቱን ሳያዞር፤ «የነሱ ብቻ ነው ልክ የሚመጣልኝ።»

የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በ፣ ቀ፣ ለ። ደ፣ ረ፣ ጀ። ከ፣ በ፣ ደ። ሁሉም ግዕዝ። ሁሉም ከገበታው የመጀመሪያ ረድፍ። ከ52 ልጆች ስም መካከል በዚያች አንዲት ረድፍ ብቻ ተጽፈው የሚያልቁት የሦስቱ ልጆች ስሞች ነበሩ። ለሦስት ወር ያህል የቀጣኋቸው ስማቸው ለመጻፍ ስለሚቀል ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም። «በቃ፣ ሂድ የኔ ልጅ» ያልኩት ይመስለኛል። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ።

ዜማው የደበቀው

ያን የገና ሰሞን ቤት ሆኜ ያንኑ አሰላስል ነበር። ይሄ ልጅ በየቀኑ ፊደል የሚያስጠና ልጅ ነው። እንዴት አልታየኝም?

ፊደላችንን በዜማ ነው የምናስጠናው። 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጆች ይህን ሁሉ በዜማ በጥቂት ወራት ይይዙታል። ዜማው ግን ብቻውን መሄድ ይችላል። ዱላው «ሀ» ላይ ከተነሳ አፍ ያለ ዓይን እስከ «ሆ» ይደርሳል። «ሁ» በቀኝ ጎኗ ቅጥያ እንዳላት፣ «ሂ» ቅጥያዋ ከእግሯ ሥር እንደሆነ አፍ ማየት አያስፈልገውም። ሳድሱ ደግሞ በየሆሄው መልኩን ይለዋውጣል። ልጁ በራሱ ጊዜ ገበታውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ተምሯል። 33ቱን ግዕዞች ለይቷል። በጆሮው የስምን ድምፅ ሰባብሮ ፈ፣ ዘ፣ የ ማለት ችሏል። ማንም ሳያሳየው የንባብን ግማሽ መንገድ ብቻውን ሄዷል። የቀረው ቅጥያው ነው። እኔ ደግሞ ቅጥያውን በዜማ ብቻ ነበር የሰጠሁት።

ዲክቴሽኑስ? ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ የጎረቤትን ደብተር ማየት ቀላል ነው። ደግሞስ የክፍል አለቃን ማን ይጠረጥራል?

እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዳይደግም የሚለው አሠራር በመርሁ እኔም የምደግፈው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ወደቅህ» ተብሎ ከጓደኞቹ መለየት የለበትም። ነገር ግን አሠራሩ የሚሠራው መምህሩ በየጊዜው ልጁን ለብቻው ሲያየው ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን ቁጥር በሥልጠና ላይ ሰምቼው ነበር። ያኔ ሩቅ ያለ፣ የሌላ ክፍል ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ የኔ ክፍል ውስጥ ዱላ ይዞ ገበታው ፊት ቆሞ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔም ለልጆች ደጋግሜ ብያታለሁ። ግን መደበቅን ማን አስተማረው? ባዶው ወረቀት እውነት ነበር። «ቲቸር፣ መጻፍ አልችልም» የሚል ወረቀት ነበር። እኔ ግን በሰው ፊት መለስኩበት። ስለዚህ የሚችለውን ጻፈ። ሹመቱን ፈልጎ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የፈራው ያቺ ጥያቄዬ በ51 ልጆች ፊት እንዳትደገም ነው።

ጉልት ላይ

ከገና በኋላ ክፍል ስንገባ አለቃውን ሳልነካ መናገር ነበረብኝ። «አርብ አርብ ይጻፍ የነበረው ወረቀት ተሳስቷል» አልኳቸው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ ቀጥቻለሁ። በቀለ፣ ደረጀ፣ ከበደ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያ ወረቀት የለም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህር ይቅርታ ሲል ልጆች የት እንደሚያዩ አያውቁም። ከበደ ሳቀ። ደረጀ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰመው። በቀለ ግን እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ለእናቴስ ማን ይነግርልኛል?»

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ። እናቱ ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ትሸጣለች። ገና ስታየኝ ተነሳች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ምነው መምህርት፣ ደግሞ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም» አልኳት። ቆሜ ነገርኳት። የአለቃውን ነገር ትቼ የራሴን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ወደ መደቧ አየች። አንዲት የተንከባለለች ቲማቲም አንስታ ቦታዋ መለሰች።

«እኔ እኮ መታሁት» አለች። «ያን ቀን ከእርስዎ ጋር አውርቼ እንደገባሁ። አልረበሽኩም ብሎ በጊዮርጊስ ማለልኝ። እኔ ደግሞ መምህር ይዋሻል ወይ ብዬ መታሁት።»

ሁለታችንም ከዚያ በላይ የምንለው አልነበረንም። ገዢ መጥቶ ዋጋ ጠየቀ፣ እሷም መለሰችለት። ደህና ዋይ ብያት ሄድኩ። እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ «መምህር ይዋሻል ወይ» የሚለው ጆሮዬ ላይ ነበር። እኛ የምንጽፈው፣ የምንናገረው ነገር ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አናይም። አንዲት ግማሽ ገጽ በዚያች ጉልት አልፋ አንድ ልጅ ጀርባ ላይ አርፋለች።

ስም መጥሪያው

አለቃውን ለማስተማር ሌላ መጽሐፍ አልፈለግኩም። ስም መጥሪያው በቂ ነበር። 52 ስም፣ ከነአባት ስም። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያልተገኘበት ረድፍ የለም። ልጁ ደግሞ ስሞቹን ሁሉ በጆሮው ያውቃቸዋል፣ መልካቸውንም ያውቃል። ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ በየቀኑ አምስት ስም። «ፎዚያ» ላይ ስንደርስ ፈን ከፎ አስተያየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። «ለካ ዝም ብሎ አይደለም የተለያየው» አለ። ይህቺን ቃሉን መቼም አልረሳትም። ለሦስት ዓመት ቅጥያውን የአጻጻፍ ማሳመሪያ አድርጎ ሲያየው ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ልጆች አንድ በአንድ ሰማሁ። አንድ ልጅ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዜማ ውጭ። ገበታው ላይ ከመሀል፣ ከታች፣ ከቀኝ እያነሳሁ ጠየቅኩ። ለማዳረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እንደ አለቃው መሀል መንገድ የቆሙ 16 ልጆች አገኘሁ። ሁለቱ ጎበዝ ናቸው ብዬ ከኋላ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

አንድ መምህር ይህን ሁሉ ልጅ ብቻውን አይችለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ። ከካርቶን የስም ካርዶች ሠራን። ረቡዕ የንባብ ክፍለ ጊዜ ካርዶቹ ይበተኑና እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን አንብቦ ለባለቤቱ ይሰጣል። ማንበብ ያቃተው የሚያነብለትን ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ራሱ ያስተምረዋል። ልጅ ስሙ በስህተት ሲነበብ ዝም አይልም። «ኤ ነው እንጂ ኢ አይደለም!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ይሰማል። ክፍሉ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ረባሽ የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ ሁላቸውም ይጻፉ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን አርብ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረበት ቀን ነው። እኛ ጠዋት ያንን አላወቅንም። አለቃው ከእረፍት በኋላ አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ማንም አላዘዘውም። ራሱ ከላይ «ዛሬ የቀሩ» ብሎ ጽፏል። አራት ስም ነበር። ፎዚያን ፎዝያ ብሏታል። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ሰኞ ፎዚያንና እሱን አንድ ላይ አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ ብዬ ያዝኩት። ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ልጆቹ ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደ አራተኛ ክፍል አለፉ። አንድ ላይ ሆነው ዳግም አላገኘኋቸውም።

በ2013 ዓ.ም. በፈረቃ፣ ጥቂት ጥቂት ልጅ እየተደረገ ስንመለስ ከአራተኛ ክፍል መምህራን አንዱ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አገኘኝ። ሻይ እየቀዳ፣ «ያ በቀለ የሚባለው ያንቺ ተማሪ ነበር አይደል? ረባሽ ነው ብለውኝ ከፊት አስቀመጥኩት» አለኝ።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም ነው የሚለው። ልጆቹም፣ መምህሩም።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የበቀለን ስም ማንም ከፍ አድርጎ አላነሳውም፣ ግን ከክፍል ክፍል ተከትሎታል። ይቅርታዬን የሰሙት 52 ልጆች ብቻ ናቸው። ወሬውን የሰማው ግን ግቢው ሁሉ ነው።

ተቀመጥኩና ሁለቱንም ወረቀቶች ከስም መጥሪያዬ አወጣሁ። የሦስቱን ስምና የቀሪዎቹን። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። መሳቢያውን ከፈተና የራሱን አለቃ የአርብ ወረቀቶች አወጣ። አምስት ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ሁለታችንም አጎንብሰን ስሞቹን ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርን።